ዳይናሞ ለሬቪት፦ የት ያግዛል፣ የት ያሳስታል

ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ሬቪት በተባለው የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ተሠርቶ አልቋል እንበል። 240 ክፍሎች አሉት። ቁጥር የተሰጣቸው ግን በተሠሩበት ቅደም ተከተል ነው፤ 17 ቁጥር ከ203 ጎን ተቀምጧል፣ 18 ሦስት ፎቅ ወርዶ ይገኛል። በእጅ ማስተካከል ማለት 240 ጊዜ ክፍል መምረጥና ቁጥር መጻፍ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ከተዘለለ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እንደገና ይጻፋል። ዲዛይኑ ተቀይሮ አንድ ክፍል ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ሥራው ከሀ ይጀምራል። ሬቪት ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያስኬደው ዳይናሞ ዋጋውን የሚያሳየው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው የተጠማዘዘ ጣሪያና የተወሳሰበ የፊት ገጽታ የተሠራበትን ማሳያ ስለሆነ መሣሪያውን የቅርጽ መሥሪያ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያም ሲከብደው ይተወዋል።

ዳይናሞ ከምንም በፊት የመረጃ መሣሪያ ነው። ቁጥር፣ ስም፣ ሺት (የሥዕል ገጽ)፣ ፓራሜትር (የአንድ ነገር መረጃ የሚጻፍበት መስክ)፣ የኤክሴል ሰንጠረዥ ሲሰጡት ጉልበቱ ይታያል። ትልቁ አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል፦ ሁለት ዝርዝሮችን ሲያጣምር ቢሳሳት አንዳንድ ጊዜ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ያልፋል። ግራፍ የሚሠራ ሰው ይህን አንድ ነገር በደንብ ከያዘ ሌላው በልምምድ ይመጣል።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ትእዛዝ ኖድ የሚባል ሳጥን ነው። በግራው ግብአት ይገባል፣ በቀኙ ውጤት ይወጣል፣ ሳጥኖቹን ሽቦ ያያይዛቸዋል፣ የተያያዘው ሁሉ ግራፍ ይባላል። ሥራውን የጀመረው ኢያን ኪዮ ነው፤ አሁን የሚያሳድገው አውቶዴስክ ሲሆን መሠረቱ እስከ ዛሬ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ክፍት ነው። ከሬቪት 2020 ጀምሮ ከሬቪት ጋር አብሮ ይጫናል፣ የተለየ ክፍያ አይጠየቅበትም። «ማኔጅ» የሚለው ትር ላይ ዳይናሞና ግራፍን ሳይከፍቱ ማስኬጃ የሆነው ዳይናሞ ፕሌየር ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ። ቀለል ባለው ስሪት በሬቪት ኤልቲ ላይ ግን የለም፤ ኤልቲ የያዘ ሰው ይህን ጽሑፍ ከማንበቡ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ። ከታች በግራ ያለውን የማስኬጃ ምርጫ ከ«አውቶማቲክ» ወደ «ማኑዋል» ቀይሩት። አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ሽቦ ባያያዛችሁ ቁጥር ግራፉ ይሄዳል፣ በሄደ ቁጥርም ሞዴሉን ይነካል። ያላለቀ ግራፍ 240 ክፍል ላይ የተሳሳተ ቁጥር ለመጻፍ አንድ ሽቦ ይበቃዋል።

የክፍል ቁጥር አሰጣጥ

ይህ ሥራ ለፈተና ጥሩ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን የዳይናሞን ባሕርይ ሁሉ ያወጣል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ እንዲሄድበት በምትፈልጉት አቅጣጫ ወለሉ ላይ አንድ መስመር ትስላላችሁ፣ ዳይናሞ ክፍሎቹን በመስመሩ ላይ ባላቸው ቦታ ይደረድራል፣ ከዚያ ቁጥር ይሰጣል።

«ካታጎሪስ» ከሚለው ኖድ «ሩምስ»ን መርጣችሁ ወደ «ኦል ኤለመንትስ ኦፍ ካታጎሪ» ታስገባላችሁ። የሚወጣው ዝርዝር ከምትጠብቁት በላይ ረጅም ከሆነ አትደንግጡ። ተሰርዘው የሚመስሉ ክፍሎች እዚያው አሉ። ሬቪት ውስጥ ክፍልን ከፕላን ላይ ማጥፋት ከፕሮጀክቱ ማጥፋት አይደለም፤ ክፍሉ «ያልተቀመጠ» ተብሎ በሰንጠረዥ ውስጥ ይቆያል። ስፋቱ ዜሮ ነው፣ ቦታ የለውም። ግድግዳው ያልተዘጋ ክፍልም ስፋቱ ዜሮ ነው። እነዚህን ሳታጠሩ ወደ ቦታ ፍለጋ ከሄዳችሁ በዝርዝሩ መሃል ባዶ እሴት ይገባል፣ ቀጥሎ ያለው ኖድም ቢጫ ይሆናል፣ ማለትም ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

ስለዚህ «ጌት ፓራሜትር ቫልዩ ባይ ኔም» በሚለው ኖድ ስፋታቸውን አውጡ፣ በኮድ ብሎክ (አጭር ኮድ በሚጻፍበት ኖድ) ከዜሮ የሚበልጠውን ለዩ፣ ክፍሎቹንና የልየታውን ውጤት ወደ «ፊልተር ባይ ቡል ማስክ» አስገቡ። ከሁለቱ መውጫዎች የላይኛውን ውሰዱ። በዚያው ዘዴ በወለሉ ስም ደግሞ አጥሩ፤ ፕሮጀክቱ ነባር ሕንፃና አዲስ ግንባታ ያለበት ከሆነ በፌዝም (በግንባታ ምዕራፍም) አጥሩ፤ ኖዱ የሁሉንም ፌዝ ክፍሎች በአንድ ላይ ያመጣልና።

ቀጥሎ «ኤለመንት ጌት ሎኬሽን» የእያንዳንዱን ክፍል ነጥብ ይሰጣል። የሳላችሁትን መስመር በ«ሴሌክት ሞዴል ኤለመንት» መርጣችሁ ከርቩን (የመስመሩን ጂኦሜትሪ) ታወጣላችሁ። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ አያርፉም፤ በመሆኑም በመጀመሪያ «ክሎዝስት ፖይንት ቱ» ለእያንዳንዱ ክፍል መስመሩ ላይ ያለውን ቅርብ ነጥብ ያገኛል፣ ከዚያ «ፓራሜትር አት ፖይንት» ያ ነጥብ ከመስመሩ መነሻ እስከ መድረሻ የት ላይ እንዳለ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይነግራችኋል። የመጀመሪያውን ኖድ ዘልለው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ስህተት ወይም ባዶ ይሆናል። በመጨረሻ «ሊስት ሶርት ባይ ኪይ» ክፍሎቹን በእነዚህ ቁጥሮች ይደረድራል፣ ኮድ ብሎክ ደግሞ ከ201 ጀምሮ በክፍሎቹ ብዛት ልክ ቁጥር ይሠራል፣ «ሴት ፓራሜትር ባይ ኔም» ይጽፈዋል።

እዚህ ላይ ግራፉ አልቋል ብላችሁ ስታስኬዱት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ኖድ ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱ የክፍል ቁጥር ሬቪት ውስጥ ቁጥር አለመሆኑ ነው፤ ጽሑፍ ነው። 201 የሚለውን ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ጽሑፍ በሚቀበል ፓራሜትር ላይ መጻፍ አይቻልም። መሃል ላይ «ስትሪንግ ፍሮም ኦብጀክት» አስገቡ።

መስመሩን የት መሳል እንዳለባችሁ ልብ በሉ። ኮሪደሩን ተከትላችሁ ከሳላችሁት በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ያሉ ክፍሎች ቁጥራቸው እየተፈራረቀ ይሄዳል፦ 201 በግራ፣ 202 በቀኝ። ይህን ከፈለጋችሁ ጥሩ። በአንድ ጎን ሄዶ በሌላው እንዲመለስ ከሆነ የምትፈልጉት መስመሩን በኮሪደሩ ሳይሆን በራሳቸው በክፍሎቹ መሃል አሳልፉት፣ ጫፉ ላይ ዞሮ በሌላኛው ጎን እንዲመለስ አድርጉ። ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁ አንድ ትልቅ ክፍል ያለ ቦታው ሲገባ ካያችሁ የክፍሉን የመስቀል ምልክት ተመልከቱ። ዳይናሞ የሚያነበው የክፍሉን እውነተኛ መሃል አይደለም፣ ምልክቱ የተቀመጠበትን ነጥብ ነው፤ ምልክቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ጎትታችሁ ወደ መሃል ማምጣት ይበቃል።

ዝርዝር ሲዛነፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለት ዝርዝሮች አንድ ኖድ ውስጥ ሲገቡ ዳይናሞ እንዴት እንደሚያጣምራቸው የሚወስነው «ሌሲንግ» የሚባለው ምርጫ ነው፤ ኖዱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ። በአንድ ዝርዝር 0፣ 5፣ 10፣ በሌላው 0፣ 4 አለ እንበል፤ ነጥብ ለመሥራት ታስገቧቸዋላችሁ። «ሾርተስት» ላይ ሁለት ነጥብ ይወጣል፤ 10 ጓደኛ ስላጣች ትቀራለች። «ሎንገስት» ላይ ሦስት ነጥብ ይወጣል፤ የመጨረሻዋ 4 ሁለት ጊዜ ታገለግላለች። «ክሮስ ፕሮዳክት» ላይ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ይጣመርና ስድስት ነጥብ ይወጣል፣ እነሱም በሦስት ንዑስ ዝርዝር ተከፍለው። ምንም ካልነካችሁት «አውቶ» ላይ ነው ያለው፣ ሁለት ተራ ዝርዝሮች ሲሆኑም እንደ ሾርተስት ይሠራል።

ይህ በነጥብ ላይ ሲሆን ስህተቱ ዓይን ላይ ይወድቃል። በመረጃ ላይ ሲሆን ግን አይታይም። 40 በሮች አሉ፣ ከኤክሴል የመጣው የእሳት መቋቋሚያ ደረጃ ግን 39 ነው እንበል። ግራፉ ይሄዳል፣ ኖዶቹ ሁሉ ሰላም ናቸው፣ 39 በር ተጽፎበታል፣ አርባኛው የድሮ እሴቱን እንደያዘ ነው። ማንም አልነገራችሁም።

ከዚህ የባሰው መንሸራተት ነው። ከኤክሴሉ አምስተኛ ረድፍ ባዶ ነበር፣ ባዶ እሴት ቢጫ ስላደረገባችሁ «ሊስት ክሊን» አስገባችሁ፣ ቦታ ይጠብቅ የሚለውን ግብአቱን ሐሰት አደረጋችሁት። ባዶው ወጣ፣ ቢጫውም ጠፋ። ነገር ግን ስድስተኛው እሴት ወደ አምስተኛው ቦታ ተጠጋ፣ ሰባተኛው ወደ ስድስተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ከአምስተኛው በር ወዲያ ያለው ሁሉ የጎረቤቱን የእሳት ደረጃ ይዟል። ሰንጠረዡ ሙሉ ነው፣ ምንም የጎደለ የለም፣ ስለዚህ የሚመረምረው ሰውም አይጠረጥርም። ይህ ስህተት በህንፃ ላይ ሰው የሚጎዳ ስህተት ነው።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሮችንና እሴቶችን በተራ ቁጥር አታጣምሩ። በሩን ራሱን በሚለይ ነገር፣ ለምሳሌ በ«ማርክ» (በሩ በሚታወቅበት መለያ) ወይም በኤለመንት መለያ ቁጥሩ፣ ከኤክሴሉ ረድፍ ጋር አገናኙት፤ ከዳይናሞ 2.0 ወዲህ ያለው «ዲክሽነሪ» የተባለው ኖድ ለዚህ ምቹ ነው፣ ቁልፉ ማርክ፣ እሴቱ የእሳት ደረጃ። ሁለተኛ፣ ከመጻፊያው ኖድ በፊት የሁለቱን ዝርዝር ብዛት በ«ሊስት ካውንት» አውጥታችሁ እኩል መሆናቸውን ውጤት በሚያሳየው «ዎች» ኖድ እዩ። እኩል ካልሆኑ ኮድ ብሎኩ ባዶ ዝርዝር እንዲመልስ አድርጋችሁ ጽሕፈቱ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ንዑስ ዝርዝር ሲበዛ፣ ማለትም ፎቆች በውስጣቸው ክፍሎችን፣ ክፍሎች በውስጣቸው በሮችን ሲይዙ፣ ጀማሪዎች የሚሸሹበት «ፍላተን» ነው፤ ሁሉንም አንድ ወጥ ዝርዝር ያደርገዋል። ጊዜያዊ እፎይታ ነው፤ የትኛው በር የማን እንደሆነ የሚናገረው መዋቅር አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ይልቅ በኖዱ ግብአት ላይ ያለውን የ«ሌቭል» ምርጫ ተማሩ። ደረጃ የሚቆጠረው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ አንደኛው እያንዳንዱ ንጥል፣ ሁለተኛው ንጥሎቹን የያዘው ዝርዝር፣ ሦስተኛው ያን የያዘው። በየፎቁ ያሉትን ክፍሎች ለየብቻ መደርደር ከፈለጋችሁ ግብአቱን ሁለተኛው ደረጃ ላይ አድርጉት፤ ዳይናሞ ሁሉንም ሳይቀላቅል በየፎቁ ይደረድራል። በመላው መሣሪያ ውስጥ ይህን ያህል ሥራ የሚያቀልል ሌላ ነገር የለም፤ በትንሽ ቀስት ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ ያሳዝናል።

ሺቶችን ከኤክሴል

ሁለተኛው የተለመደ ሥራ የሥዕል ዝርዝርን ከኤክሴል አምጥቶ ሺት መፍጠር ነው። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ የሺት ቁጥር፣ የሺት ስም፣ የሚቀመጥበት ቪው (እንደ ፕላን ያለ የሞዴሉ እይታ) ስም። ኤክሴሉ በረድፍ በረድፍ ይገባል፤ በ«ሬስት ኦፍ አይተምስ» ርዕሱን ጣሉት፣ በ«ትራንስፖዝ» ረድፉን ወደ ዓምድ ገልብጡት፣ ከዚያ ስም፣ ቁጥር፣ የርዕስ ሳጥን ፋሚሊና ቪው ወደሚቀበለው የሺት ኖድ አስገቡ።

ጥፋት የሚመጣው ከኤክሴሉ ነው። 101 ብላችሁ የጻፋችሁት ዳይናሞ ዘንድ የአሥርዮሽ ቁጥር ሆኖ ይደርሳል፤ በቆዩ ስሪቶች ወደ ጽሑፍ ስትቀይሩት «101.000000» የሚባል ሺት ታገኛላችሁ። 001 ደግሞ ኤክሴል ውስጥ ገና ሳይወጣ 1 ሆኗል። መፍትሔው ዓምዱን ኤክሴል ላይ «ቴክስት» አድርጎ መቅረጽ፣ ከዚያም በማንበቢያው ኖድ ላይ ሁሉንም እንደ ጽሑፍ አንብብ የሚለውን ግብአት እውነት ማድረግ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። የድሮዎቹ የኤክሴል ኖዶች ኮምፒውተሩ ላይ ኤክሴል መጫኑን ይጠይቃሉ፤ በስማቸው «ኦፕን ኤክስኤምኤል» ያለባቸው አዲሶቹ አይጠይቁም።

የሺት ቁጥር እንደ ክፍል ቁጥር አይደለም። ክፍል ላይ ድግግሞሽ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ሺት ላይ ግን ሬቪት በአንድ የሺት ስብስብ ውስጥ ፈጽሞ አይቀበልም። በሞዴሉ ያሉትን የሺት ቁጥሮች አስቀድማችሁ አውጡና ከኤክሴሉ ጋር አስተያዩ። አንድ ቪውም በተለምዶ ከአንድ ሺት በላይ አይቀመጥም፤ ሌጀንድ (የምልክቶች መግለጫ) እና ሰንጠረዥ ግን ይፈቀድላቸዋል። ቪው ሺቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታም እናንተ የምትፈልጉት አይሆንም፤ የቪውፖርት (ቪው ሺት ላይ የሚታይበት ሳጥን) መሃሉን ለብቻ መስጠት አለባችሁ። ፕላኖች ሁሉ አንድ ስኬልና አንድ ክሮፕ ካላቸው ይህ ቀላል ነው፣ ካልሆነ በእጅ ማስተካከሉ ይሻላል።

እዚህ ላይ ዳይናሞን ለሚጠቀም ሁሉ መነገር ያለበት ነገር አለ። ዳይናሞ የፈጠረውን ኤለመንት ያስታውሳል። ግራፉ 30 ሺት ከሠራ በኋላ ኤክሴሉን ወደ 20 ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ብታስኬዱት አሥሩ ሺት ይጠፋል። ኤክሴሉን በሌላ 30 ሺት ዝርዝር ብትተኩት አዲስ አይፈጠርም፤ የቀድሞዎቹ 30 ስማቸውና ቁጥራቸው ተቀይሮ ታገኟቸዋላችሁ። ለቅርጽ ሥራ ይህ ድንቅ ነገር ነው፦ ቁጥር ስትቀይሩ ዓምዶቹ በቦታቸው ይስተካከላሉ እንጂ በላያቸው ሌላ አይደረብም። ለሺት ግን ወጥመድ ነው። ትውስታው የሚቀመጠው ግራፉን ስታስቀምጡ በራሱ በፋይሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገና ያልሄደ ንጹሕ ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ፣ ከዚያ እየቀዳችሁ ተጠቀሙ። የረሳ ሰው ደግሞ ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ «ባይንዲንግስ» የሚለውን ክፍል ባዶ ዝርዝር ማድረግ ይችላል፤ ከዳይናሞ 2.0 ወዲህ ፋይሉ ጄሰን የተባለ የጽሑፍ ቅርጸት ስለሆነ በዓይን ይነበባል። ከማረም በፊት ቅጂ መያዝ እንዳይረሳ።

ፓይተን፣ ፓኬጅና ስሪት

ኖድ የማይደርስበት ቦታ ላይ በፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍበት የፓይተን ኖድ አለ። ኃይለኛ ነው፣ ግን የመለኪያ ወጥመድ አለበት። ተራዎቹ ኖዶች የፕሮጀክቱን መለኪያ ይከተላሉ፤ ፕሮጀክቱ በሚሊሜትር ከሆነ በሚሊሜትር ያወራሉ። በፓይተን በቀጥታ ከሬቪት ጋር ስትነጋገሩ ግን ሬቪት የሚያውቀው ፉት ብቻ ነው። የጣሪያ ከፍታ ብላችሁ 3000 ብትጽፉ 3000 ፉት፣ ማለትም 914.4 ሜትር ይሆናል። 3000 ሚሊሜትርን ለ304.8 አካፍላችሁ 9.8425 መስጠት አለባችሁ። ስፋትም እንደዚሁ፦ 20 ካሬ ሜትር ሲነበብ 215.28 ሆኖ ይወጣል። ሌላው የተለመደ ስህተት ከኖድ የመጣን ኤለመንት «አንራፕ» ሳያደርጉ መጠቀም ነው፤ ዳይናሞ ኤለመንቱን በራሱ ልባስ ሸፍኖ ስለሚያሳልፈው ሬቪት አያውቀውም።

ፓኬጆች ሌሎች ባለሙያዎች ሠርተው በነፃ የሚያካፍሏቸው የኖድ ስብስቦች ናቸው። ክሎክወርክ፣ ሪዝም፣ አርኪ-ላብ፣ ስፕሪንግስና ዳታ-ሼፕስ በብዙ ቢሮ የሚገኙ ናቸው። ዳታ-ሼፕስ ለተጠቃሚው የመምረጫ መስኮት ያወጣል፣ ሌሎቹ ሬቪት ያላጋለጠውን ብዙ ነገር በአንድ ኖድ ያደርሳሉ። ዋጋቸው ኋላ ይከፈላል። ግራፉን ለሥራ ባልደረባ ስትልኩ እሱ ዘንድ ፓኬጁ ከሌለ ኖዱ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። «ወርክስፔስ ሬፈረንስስ» የሚለው መስኮት የጎደለውን ፓኬጅና ስሪቱን ይዘረዝራል፤ ከመላካችሁ በፊት ክፈቱት። ለአንድ ኖድ ብሎ ሙሉ ፓኬጅ መጫን አይመከርም፤ ያን ኖድ በአምስት መስመር ፓይተን መተካት ከተቻለ ይተካ። ቢሮው ብዙ ሰው ካለው ፓኬጆቹን በጋራ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ የሁሉም ዳይናሞ ወደዚያ እንዲመለከት ማድረግ ይሻላል፤ አለበለዚያ አንዱ አዲስ ስሪት፣ ሌላው አሮጌ ይይዛል።

ስሪትን በተመለከተ ምርጫ የላችሁም። ዳይናሞ ከሬቪት ጋር የታሰረ ነው፦ ሬቪት 2022 ከ2.10፣ ሬቪት 2024 ከ2.17፣ ሬቪት 2025 ከ3.0 ጋር ይመጣል። በየዓመቱ የሚሰበር ነገር አለ፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሬቪት 2022 ላይ የድሮው የመለኪያ አጠራር ወጥቶ በአዲስ ተተካ፤ በፓይተን መለኪያ የሚቀይሩ ግራፎች ወደቁ። በዚያው ዘመን የፓይተኑ ሞተር ከአይረንፓይተን 2.7 ወደ ሲፓይተን 3 ተሻገረ። ሬቪት 2024 የኤለመንት መለያ ቁጥርን ወደ 64 ቢት አሳደገ። ሬቪት 2025 ወደ ዶት ኔት 8 ሲሻገር በኮምፓይል የተሠሩ ብዙ ፓኬጆች እንደ አዲስ መገንባት አስፈለጋቸው። በተራ ኖዶች ብቻ የተሠራ ግራፍ ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል በሰላም ያልፋል። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የምትፈልጉት ግራፍ ላይ ፓይተንና ፓኬጅ ስትጨምሩ ይህን አስቡ።

ለሌላ ሰው ማስረከብ

አብዛኞቹ ሰዎች ግራፍ መክፈት አይፈልጉም፣ አያስፈልጋቸውምም። ዳይናሞ ፕሌየር ለእነሱ ነው። በግራፉ ውስጥ ተጠቃሚው የሚሞላቸውን ኖዶች በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢዝ ኢንፑት» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ፕሌየሩ እነዚያን ብቻ በቅጽ መልክ ያሳያል። ለክፍል ቁጥር ግራፉ ሦስት ግብአት ይበቃል፦ ወለል፣ መነሻ ቁጥር፣ መስመር መምረጫ። ኮድ ብሎክ ግብአት መሆን አይችልም፤ ቁጥሩን በቁጥር ኖድ ወይም በስላይደር አድርጉት። ውጤት የሚያሳይ «ዎች» ኖድን ደግሞ «ኢዝ አውትፑት» አድርጉና «43 ክፍል ተጽፏል፣ 2 ተዘለለ» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አድርጉ። ያለዚህ ተጠቃሚው የሚያየው «ተጠናቋል» የሚል ቃል ብቻ ነው፣ እሱም ግራፉ በቢጫ ቢሞላም ሊወጣ ይችላል።

ብዙ ሰው አንድ ሞዴል ላይ በሚሠራበት ቢሮ ሌላ ሰው የያዘውን ኤለመንት ሬቪት እንድትለውጡ አይፈቅድም። ግራፉን ከማስኬድ በፊት ሁሉም ሲንክሮናይዝ አድርጎ (ሥራውን ከጋራው ሞዴል ጋር አመሳስሎ) የያዘውን ይልቀቅ። ከሄደ በኋላ ውጤቱ ካልተስማማችሁ ኮንትሮል ዜድ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንዴ ይመልሰዋል፤ መሃል ላይ ትራንዛክሽን (ሬቪት ለውጥ የሚመዘግብበትን እርምጃ) የሚዘጋ ግራፍ ከሆነ ግን ደጋግማችሁ መጫን ይኖርባችኋል።

ቅርጹስ? ይሠራል። ጂኦሜትሪው ጠንካራ ነው፣ ግን ብዙ ፓነል ሲሆን ይከብዳል፤ ፕሪቪውን ማጥፋትና ያለቁ ኖዶችን «ፍሪዝ» ማድረግ ያግዛል። በሚሊሜትር የሚሠራ ትልቅ ሳይት ላይ ጂኦሜትሪው ከሥራ ወሰን ወጣ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ በምርጫው ውስጥ ወሰኑን ማስፋት ነው። ዋና ሥራችሁ የቅርጽ ፍለጋ ከሆነ ራይኖ በተባለው የቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ እንደ ዳይናሞ በሳጥንና በሽቦ የሚሠራውን ግራስሆፐርን ምረጡ። ዴቪድ ሩተን 2007 ላይ የጀመረው ሲሆን ከራይኖ 6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ የራይኖ አካል ነው። ስላይደር ስትጎትቱ ቅርጹ ወዲያው ይከተላል፣ በዚህ ዳይናሞ አይወዳደረውም። ራይኖ ኢንሳይድ ሬቪት ሁለቱን ያገናኛል፣ ግን የራይኖ ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል፣ ቡድኑም ሁለት የዝርዝር አያያዝ መማር አለበት። ክፍል ለመቁጠርና ሺት ለመፍጠር ይህን ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

ዳይናሞ የማያስፈልግበትም ቦታ አለ። የሁሉንም በሮች አንድ ፓራሜትር ወደ አንድ እሴት ለመቀየር የሬቪት የራሱ ሰንጠረዥ በቡድን ሰብስቦ በአንድ ሕዋስ መጻፍ ያስችላል። ግራፍ ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ የሚካካሰው ሥራው ሲደጋገም ወይም ስህተቱ ውድ ሲሆን ነው።

ወደ አዲስ ሬቪት ከመሻገራችሁ በፊት አንድ ትንሽ የመፈተኛ ሞዴል አዘጋጁ። ስድስት ክፍል ይበቃዋል፦ ሦስት ደህና፣ አንድ ያልተቀመጠ፣ አንድ ግድግዳው ያልተዘጋ፣ አንድ ምልክቱ ጥግ ላይ ያረፈ። አራት በር ጨምሩበት፣ አንዱ ማርክ የሌለው ይሁን። ኤክሴሉ ላይ አንድ ባዶ ረድፍና በ0 የሚጀምር አንድ ቁጥር አስገቡ። እያንዳንዱን ግራፍ በዚህ ላይ አስኪዱና በቀድሞው ስሪት ከወጣው ውጤት ጋር ረድፍ በረድፍ አስተያዩ። ልዩነት ያሳየው ግራፍ እስኪታረም ድረስ ከፕሌየሩ ማህደር ይውጣ።